ደብረ ሲና፣ የማዳመጥ ፈተና

የደከመ ባትሪ፣ ቃል የሚጎትት ቴፕ፤
«ባቡሩ በስንት ሰዓት…» ብሎ ሳይጨርስ፣
ከጣርማ በር ቁልቁል ባለተሳቢ ሲደርስ
ፍሬኑ ጮኸና ክፍሉን አርገደገደ፤
መልሱም ከጉሙ ጋር ወደ ቆላ ወረደ።

አርባ ስምንት ልጆች «ቢ» ብለው ገመቱ፣ «ዲ» ብለው ገመቱ።
ማታ ሳርም፣ የፀዳለ ወረቀት፣ ከምርጫው በታች
በተሰባበረ እንግሊዝኛ፦
«ባቡር አልሰማሁም። አይቼም አላውቅ።
መኪናው ግን የኋላ ግራ ጎማው ታሟል፤
ሹፌሩም ያውቃል።»

ግሱ ጊዜውን ስቷል። ቁልፉ «ሲ» ይላል። ዜሮ።
ቀዩን እስክሪብቶ ከድኜ ተኛሁ።

ሌሊት አንድ ከባድ መኪና ቁልቁለቱን ያዘ፤
እኔ፣ የሃያ ዓመት የቋንቋ መምህር፣
ትራሴን ገፍቼ፣ ትንፋሼን ውጬ
ግራ ይሁን ቀኝ
መለየት አቃተኝ።