አንቱ

ቱርኩ ከተማ፣ ከአውራ ወንዝ ዳር፣ ከአሮጌው ቴአትር ጣሪያ ሥር
ስልሳ ገመድ ተሰልፏል፤ በጨለማ ዳስሶ የሚቆጥር
ታውኖ ሬፖ ብቻ ነው።
ሥራ በጀመርኩ በማግሥቱ
«እዚህ አይፏጭም» አለኝ። ለምን አልኩት፤ በትዕግሥቱ
አስረዳኝ፦ «የጥንት ገመድ ሳቢዎች መርከበኞች ነበሩ፤
በቃል ሳይሆን በፉጨት ነበር የሚነጋገሩ።
አንተ ሥራ ፈትተህ ብታፏጭ፣ ከላይ ያለው ትእዛዝ መስሎት
ተራራ ይለቅብሃል፤ ጥዱን፣ በረዶውን ጭኖበት።»

እነሱ ዘንድ እሱም እሷም አንዲት አጭር ቃል ናቸው፤
ሰው ገብቶ ይወጣባታል፣ ማንም ሳይጠይቀው።
የእኔ አፍ ግን በር ጠባቂ ነው፤ ወይ «ና» ይላል፣ ወይ «ነይ»፤
ሳይፈትሽ አያሳልፍም፣ ሰው ቢመጣ ከሰማይ።
ስለ ታውኖ ባሰብኩ ቁጥር ግሥ ይሰበርብኛል፤
ለጊዜው «እሱ» ልበለው፤ እንደሚጠበው ይገባኛል።

በሃያ ዓመቱ «ጠመንጃ አልይዝም» አለ።
መንግሥት ሸክም መች ቸገረው? መጦሪያ ቤት መደበው፤
ፖፖ ደፋ፣ ወለል ፈተገ፣ ሬሳ ገነዘ፤ ቅዳሜ ሲሆን
የአሮጊቶቹን ፀጉር በቢጉዲ ጠቀለለ።
ዓይናቸው የጠፋ ወይዘሮ ሂልካ አንድ ቀን ጉንጩን ዳሰው
«የማን ኮረዳ ነሽ?» አሉት። እንዲያ ብሎ የጠራው ሰው
ከዚያ በፊት አልነበረም።
አላረማቸውም።
ቢጉዲውን ፈታ፣ አበጠረ፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ አላዩም።

ከዚያ ወዲያ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ ከወደቡ ምድር ቤት
ሚርያ የምትባል ሴት ነበረች፤ አንድ ሻማ የሚያህል መብራት፣
ከመጋረጃ የተቆረጠ ቀሚስ፣ አራት ሺህ ፈርጥ በእጅ ስፌት።
ጫኝና አውራጁ፣ ዓሣ ሻጩ፣ ሚስቱን የፈራው ጸሐፊ
ያለቅሱላት ነበር። ሲነጋ ታውኖ ነው፤ የቴአትሩ ልብስ ሰፊ።

ከዚያ በሽታው መጣ።
ስሙን የሚጠራ አልነበረም፤ በር የሚያንኳኳም እንዲሁ።
ሚርያ ጥፍሯን ቆረጠች። በብስክሌት፣ በበረዶው፣
ሾርባ በፔርሙዝ ይዛ፣ ይዞ፣ አራተኛ ፎቅ ወጣች፤ ወጣ።

ቬይኮ ሲሞት እናቱ መጡ፤ ከሰሜን፣ በሌሊት አውቶቡስ።
«ሙሉ ልብስ ለብሶ ይቀበር» አሉ፤ «ጥቁር፤ የወንድ ልብስ።»
ታውኖ ቃል አልመለሰም፤ ለካ፣ ቆረጠ፣ አዳሩን ሠራ።
ከገበሩ ውስጥ ግን፣ ከልብ በኩል፣ ማንም በማያይበት ስፍራ
ከሚርያ ቀሚስ ነቅሎ አንዲት ቀይ ፈርጥ ሰፋበት።
ሰሙ ጥቁር ሱፍ ነው፤ ወርቁ አፈር አለበት።

ለአሥራ አንድ ሰው እንዲያ ሰፋ።
ከአራት ሺህ አሥራ አንድ ምን አላት? ያየ ሰው የጎደለ አይመስለው።
እሱ ግን እያንዳንዱን ክፍተት በጣቱ ያውቀዋል።

«ከመድረክ ወረደ» አሉ፣ ሚርያ ብትቀርባቸው።
ውሸት ነው፤ ወጣ እንጂ፤ ሃምሳ ሁለት የብረት ደረጃ ነው።
መብራት ማሰር፣ ዊግ መቋጠር፣ ገመድ መግመድ ለመደ፤
ከታች ሲሞት፣ ሲጨበጨብ፣ ከላይ ጨረቃ አወረደ።

ትናንት ማታ አንድ ልጅ፣ በተውሶ ጫማ፣ ከመጋረጃ ኋላ፣
የመጀመሪያ ቀሚሱን ለብሶ ይንቀጠቀጥ ነበር።
ታውኖ ጉልበቱን ይዞ ወረደ፤ ሃምሳ ሁለቱንም።
ዚፑን ዘጋለት፤ የላላ ፈርጥ ሰፍቶ ክሩን በጥርሱ በጠሰ።
«ሂድ» አለው፤ ወይም «ሂጂ»። የነሱ ቃል አይለይም፤
እኔም መርጬ አልተረጉምም።

ተመልሶ ሲወጣ ትንፋሹ አጠረ፤ ክንዱን ደግፌ
«ይቀመጡ፣ አንቱ» አልኩ፤ በእኔው ቋንቋ፤ አመለጠኝ ከአፌ።
«ምን ማለት ነው?» አለኝ።
«አንድ ሰው ብዙ ሲሆን የሚጠሩበት ነው፤
ወንድ ሴት አይልም። ግን በነጻ አይሰጥም።»

በጣቱ መቁጠር ጀመረ፦ ሚርያ፣ ሂልካ፣ ቬይኮ…
አሥር ላይ ጣት አለቀበት፤ ወደ ገመዶቹ ዞረ።
ከታች ሙዚቃው ዝግ አለ።
«ጨረቃዋን ዛሬ አንተ አውርዳት» አሉኝ።