የማይታየው ጎን

ነይ ይታይሽ፥ ግቢ፤ ሣጥኑ ላይ ተቀመጪ፣
መጋዙ ይቆይሽ፤ እንጨቱን ምረጪ።
ባሕር ዛፍ አትግዢ ርካሽ ነው ብለሽ፤
ማታ ቀጥ ብሎ አድሮ፥ ጠዋት ዞሮ ነው የሚያይሽ።
ለጎድኑ ዋንዛ ነው፥ ለቢላ ይታዘዛል፤
ለአከርካሪው ወይራ፥ ቀጥ አርጎ ይይዛል።
ቅዳሜ ገበያ፥ ከበር ሠሪዎች ደጅ፣
ቁርጥራጩ ሞልቷል፤ ለማገዶ ነው በይ እንጂ
ለመርከብ ነው ብለሽ አፍሽ እንዳያመልጥሽ፤
ወይ ይስቁብሻል፥ ወይ በእጥፍ ነው የሚሸጡልሽ።
ከዚያ ጥላ ሥር ይድረቅ፥ አንድ ወር ሙሉውን፣
ፀሐይ ያጣደፈው ይሰነጥቃል ሆዱን።

ይኸውልሽ ንድፉ፤ አሮጌ የቀን መቁጠሪያ፣
ስኳር ተጠቅልሎበት የመጣ መጀመሪያ።
እጥፋቱ ያቋርጣል በሸራው መሐል፤
መርከቡ ግን ቆሟል፥ ነፋሱ ነፍቶታል።
እኔ ባሕር አላየሁ።
ጎርጎራ ድረስ ነው የእግሬ መጨረሻው፤
“ይህም ባሕር ነው” ሲሉኝ፥ “እሺ” ያልኩት እኔ ነው።

ሥዕሉ የሚያሳይሽ አንድ ጎኑን ብቻ፤
ሌላው ከዚያ ማዶ ነው፥ የለውም መመልከቻ።
የመጀመሪያዬን በግምት ሠራኋት፤
ያየሁትን ጎኗን አሳምሬ ጠረብኳት፤
ያላየሁትን ግን፥ ማን ያየኛል ብዬ፣
በሁለት ቀን ጨረስኩት፥ በሙጫ ደልዬ።
ሁለት ዓመት ቆመች መደርደሪያው ላይ፤
እንግዳው ሁሉ ያደንቃል፥ መልካሙን ጎን ሲያይ።

አንድ ሌሊት ውኃ መጣ።
(የሰፈራችንን ፈረቃ ታውቂዋለሽ።)
ጥሩዓለም በርሜሉን እስከ አፉ ሞልታ ተኛች፤
እኔ በካልሲ ወጣሁ፥ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣
መርከቧን በሁለት እጄ፥ እንደ ሕፃን አጎንብሼ፣
አስቀመጥኳት።
ትንሽ ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ግራ፣
ወደማይታየው ጎን፥ ወደ ሰነፍኩበት ሥራ፣
ዘንበል፥ ዘንበል አለችና ሆዷን ሰጠችኝ።
ጠዋት ጥሩዓለም ቫርኒሽ ቫርኒሽ የሚል ሻይ አቀረበችልኝ፤
ምንም አላለችም። እስክጨርሰው ቆማ ጠበቀችኝ።

ስለዚህ ይታይሽ፥ ወረቀቱን እጠፊ፤
በእጥፋቱ ዳር ዳር ግማሹን ብቻ ንደፊ።
መቀሱ ሁለቱን ባንድ ላይ ይቆርጣል፤
ስትዘረጊው ያኔ ጎን እንደ ጎን ይወጣል።
ጎድኖቹን በዚያ ልክ፥ ከመሐል ጀምሪ፤
ወደ ፊት፥ ወደ ኋላ ጥንድ ጥንዱን ደርድሪ።
ሳንቃውን ስትለብጪ፥ በግራ አንድ፥ በቀኝ አንድ፤
ባንድ ወገን ከቸኮልሽ አከርካሪው ይጎብጣል እንደ ቀንድ።
በፈላ ውኃ ቀድመሽ ሩብ ሰዓት ዘፍዝፊው፤
ጨርቅ እንደምታጥፊ ቀስ ብለሽ አጉብጪው።
ደረቁን ካስገደድሽው መልሱ አንድ ቃል ናት፦
ቀጭ።

ሙጫ በክብሪት ጫፍ፥ አንድ ጠብታ ይበቃል፤
የተረፈው ሲደርቅ እንደ ንፍጥ ያብረቀርቃል።
የብርጭቆ ወረቀት ይሂድ ከጅማቱ ጋር፣
አግድም የፈተግሽው ጭረቱ አይሽር።
ለምሰሶው ቀርከሃ፤
ለገመዱ ድር ነው፥ ከሸማኔው ከጎባው ለምነሽ፣
በሰም አሽተሽ ሳቢው፥ ጸጉሩ እንዲተኛልሽ።
(ወርቁን አትጠይቂኝ። ሰሙ ለክሩ ነው።)
ለሸራው ያረጀ ነጠላ ይሆናል፤
ግን ባለቤቷን ሳታስፈቅጂ አትቁረጪ። እኔ ቀምሼዋለሁ።

ስትጨርሺ፥ ፋሲል መዋኛ እንውሰዳት አትበይኝ፤
ጥምቀት ካልደረሰ ደረቅ ነው፥ ዘበኛውም አይወደኝ።
ቀሃም ቢሆን በበጋ የድንጋይ መንገድ ነው።
በርሜሉ ይሻላል። ጥሩዓለምን እኔ አስፈቅዳለሁ፤
አንቺ ግን ቫርኒሹ በደንብ መድረቁን እዪ።

ያቺን የፊተኛዋን አልጣልኳትም።
አዙሬ አስቀመጥኳት፤
የሰነፍኩበት ጎን አሁን ወደ በሩ ነው።
ስትገቢ ያየሽው እሱን ነበር፤
ዝም ብለሽ አለፍሽ፥ አመሰግናለሁ።
በይ፥ መቀሱ ከሣጥኑ ሥር ነው።