የጊታሩ ሆድ

ጥር ነው። በረዶው ጣራ ላይ ተጋግሯል፣
ከሸለቆው ግርጌ ወንዙ ዝም ብሏል።
ዊላርድ ጊታሩን ቀበቶ አስሮለት፣
ከጎኑ አስቀምጦ በዝግታ ነዳለት፤
ዌስት ቨርጂኒያ፣ ከተዘጋው የከሰል ጉድጓድ ማዶ፣
ዴልፊያ ራትሊፍ ቤት፣ ምድጃው ሌሊቱን ነዶ።

«ክሩ ራቀኝ» አለ፣ ጣቱን እያሸ፣
«ስጫነው ያመኛል፤ ድምፁም ተበላሸ።
ወጣት ሳለሁማ እንዲህ አልነበረም፤
ወይ እኔ ነኝ፣ ወይ እሱ ነው…» ነገሩን አልጨረሰም።

አንገቱን አንስታ እንደ ጠመንጃ አነጣጠረች፣
አንድ ዓይኗን ጨፍና በአንድ ዓይኗ ለካች።
ስድስት የብረት ክር ቀላል ይመስላል፤
ሰባ ኪሎ ሸክም ሌት ተቀን ይጎትታል።
ስስ የስፕሩስ ሳንቃ ያን ሁሉ ችሎ ነው
ዝም ሲሉት ዝም፣ ሲነኩት የሚያዜመው።
ይህን ያህል ዘመን ተጎትቶ ተጎትቶ
ማን አንገት አይደፋም? ማን ይቆማል ቀንቶ?

ቀጥላ ፍሬቶቹን በጥፍሯ ዳሰሰች።
ከሦስተኛው ወዲህ ብረቱ ጎድጉዶ ተበላ፣
ከሰባተኛው ወዲያ አዲስ ነው፣ ያልተነካ ገላ።
«ሦስት ኮርድ ብቻ ነው ዕድሜህን የገፋኸው?»
«ሁለት ተኩል» አለ፤ ሳቁን ሳል ቆረጠው።

ከድልድዩ በታች ሳንቃው ተሰንጥቋል።
«ምድጃው ሥር ነበር?»
«እንዳይበርደው ብዬ።»
«እንጨት አይበርደውም፤ ይጠማዋል፣ ጌታዬ።»

ክሮቹን አላልታ፣ አምፖልና መስታወት አስገብታ፣
እንደ ጥርስ ሐኪም አጎንብሳ፣ ዓይኗን ሰጥታ፣
የሆዱን ውስጥ አየች፦ አቧራ፣ የክር ቁራጭ፣
ድሮ የጠፋ መምቻ።
ከዚያ ግን… ከማገሮቹ አንዱ ጠማማ ተለጥፎ፣
ቢጫ የፕላስቲክ ሙጫ ከዳሩ ላይ ተርፎ፣
አጠገቡ በእርሳስ፣ የሕፃን በሚመስል ጽሕፈት፣
ሁለት ፊደል፦ ዴ. ራ.። ከሥሩም ቀንና ዓመት።

ሠላሳ አንድ ዓመት።
ያኔ ጀማሪ ነች። ኦሪስ ለምሳ ወጥቶ፣
«ያንን ነገር ጨርሺው» ብሎ ለእሷ ትቶ፤
የሙጫው ድስት ቀዝቅዞ፣ ማሞቁ ሰልችቷት፣
ከቱቦ የሚወጣው፣ ቶሎ የሚደርቀው፣ ቀሎ ታይቷት።
ደህና ሙጫ ማለት ይቅርታ ያውቃል፤
እንፋሎት ሲነካው ይላላል፣ ይለቃል።
ያኛው ግን እምቢ ነው። የያዘውን አይለቅም፤
ቢሰበር ይሰበራል እንጂ አይታረቅም።

አሁን አንገት የደፋው ጊታሩ ነው እሷ?
መስታወቱን አወጣች፤ ደረቀ ምላሷ።

«ምን አየሽ?» አለ ዊላርድ።
«የድሮ ጥገና ነው፤
አንዲት ችኩል ልጅ የሠራችው።»
«ታውቂያታለሽ ልጅቷን?»
«በመጠኑ» አለችና ፈለገች ሞረዷን።

ሁለት ሳምንት ፈጀ። ያን ሙጫ ፍቃ ፍቃ፣
ስንጥቁ በእርጥብ ስፖንጅ እስኪገጥም ጠብቃ፣
አንገቱን በእንፋሎት ከሥሩ ነቀለችው፣
ተረከዙን በወረቀት ስፋት ሞርዳ ቀና አደረገችው።
ሦስቱን ፍሬት ቀየረች። ጀርባው ላይ ያለውን
የቀበቶ ዘለበት ጭረት ተወችው፤ እሱ የዊላርድ ነው።

አዲሶቹን ክሮች ከማሰሯ በፊት እርሳስ አነሳች፣
ከድሮው ፊደል ሥር የዘንድሮውን ዓመት ጻፈች።
ሌላ ቃል አልጨመረች። መስታወት ያለው ያንብበው፤
የቀረውን ሆድ ይፍጀው።

«ማገሩን ረሳሽው» አለ፣ ሂሳቡን አገላብጦ አይቶ።
«አልረሳሁም» አለች።
ፊቷን አየ፤ ዝም አለ ጥቂት ቆይቶ፤
ቀበቶውን አሰረለት፣ ጋቢና ውስጥ አስገብቶ።

«ከምድጃው አርቀው!» ጮኸች፣ ከበሩ ላይ ሆና።
ግራ እጁን በመስኮት አወጣ፤
ሁለት ጣት፣ ከጉድጓዱ የተረፈ አንድ ግማሽ፣ ቀና።