ኳሷ ሐይቅ ስትገባ

ጋሼ ይበልጣል በእርሳስ ነው የጻፈው፣
በባለ ሃምሳ ሉክ፣ ዝናብ በገረፈው።
ሃያ ሁለት ዓመት የሰፈር ጨዋታ፦
ማን ለማን ሰጠ፣ ማን ቀማ፣ በየትኛው ቦታ፤
«አንለይ ለሙጬ፣ ሙጬ ለስንሻው፤
ስንሻው ሰማይ ሰደዳት፣ እግዜር ምን እንደሻው።»

ደብተሮቹን ሁሉ በማዳበሪያ አስሬ
በባጃጅ አመጣሁ፣ ቀበሌ አሥራ ሦስት፣ ወደ ኪራይ ሰፈሬ።
መብራት ሲመጣ ሌሊት ላፕቶፔን ከፍቼ
ወደ ቁጥር መለስኩት፣ ገጽ በገጽ አይቼ፤
ቅብብል አንድ ረድፍ፣ ምት አንድ ረድፍ፣ ጥፋት አንድ ረድፍ፣
ጣቴ እስኪደነዝዝ፣ ዓይኔ እስኪንጠፈጠፍ።
«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ይባል የለ?
እኔን ኔትወርክ ጠማኝ፤ ጠብ እያለ፣ ጠብ እያለ፣
አንዲት ፋይል ስትወርድ ሌሊቱ ገሰገሰ፤
ዓሣ አጥማጁ ወጥቶ፣ መረቡን ጥሎ ተመለሰ።

መሣሪያው ከሩቅ ነው፣ ሰው በነጻ የሰጠው፣
የማላውቀው እጅ ጽፎ ያስቀመጠው፤
የፈለገ ያነበዋል፣ የቻለ ያርመዋል።
«ክፍት ምንጭ» ይሉታል።
ሳቅሁ። እኛ አገር ምንጭ መቼ ተዘግቶ?
ከሰከላ ወርዶ፣ ሐይቁን ሰንጥቆ ወጥቶ፣
የማያውቀውን አገር ሲያጠጣ የኖረው ማንን ደጅ ጠንቶ?

ደብተር ሰባት ላይ ግን ቀጥ አለ።
በቀይ ጻፈልኝ፦
«ረድፍ ሁለት መቶ ስድስት፦ ስህተት። ኳሷ ከሜዳ ውጪ ናት፤
አራት ደቂቃ ሙሉ እንቅስቃሴ የላት።»
ገለጥኩት ደብተሩን። የመስከረም ግጥሚያ፤
በደቃቅ ጽሕፈቱ፣ ከገጹ መጨረሻ፦
«ኳሷ ሐይቅ ገባች። ታንኳ ተልኳል። እየጠበቅን ነው።»

መሣሪያው ምን ያድርግ? የሠሩት ልጆች ሜዳቸው አጥር አለው፤
መቶ አምስት በስልሳ ስምንት፣ በጋም ክረምትም ያው ነው።
የእኛን ሜዳ መስከረም ላይ ሐይቁ ይቆርሰዋል፣
የቀኙን ማዕዘን ደንገል ይወርሰዋል፣
ጥር ላይ ይመልሳል፣
ያውም ከነጭቃው።

«ጋሼ፣ ይህን ረድፍ ልሰርዘው?» አልኩት።
መነጽሩን አወለቀ።
«አራት ደቂቃ እኮ ነው!
ያኔ ነው አንለይ የተፈታ ጫማውን ያሰረው፣
ያኔ ነው ሙጬ ትንፋሹን የዋጠው፣
በረኛቸው ፀሐይ የገባችበት ዓይኑን ያሸው፤
ቀጥሎ የመጣውን ጎል ከየት መጣ ልትዪ ነው፣
ይህን ከሰረዝሽው?»

አልሰረዝኩም።
ለመሣሪያው አዲስ ቃል ጻፍኩለት፣ «ሐይቅ ገባች» የሚል፤
ሜዳውም እንደ ወሩ እንዲጠብ፣ እንዲሰፋ፣
ሐይቁ ሲገፋው እንዲገፋ።
ላክሁት፤ ሦስት ሳምንት ዝም።
በአራተኛው፣ ነጩ ዓባይ ከሚቀዳበት ሐይቅ፣ ከኪሱሙ ዳርቻ፣
ኦኬሎ የሚባል ልጅ፣ የማላውቀው፣ በስም ብቻ፦
«እኛም ጋ አለ ይህ። ስም አጥተንለት ነበር።
ካልከፋሽ፣ ካንቺው ሥር አንድ ጨምሬአለሁ፦ ጉማሬ ሜዳ ገባ።»

አከራዬ ግድግዳውን እስክትደበድብ ሳቅሁ።

ለጋሼ አሳየሁት። ስክሪኑን በጣቱ እየነካ፣
እንደ ደብተር ሊገልጠው እየሞከረ ለካ፣
«ይኼ ኦኬሎ፣ የማን ቡድን ነው?» አለኝ።
የማንም አልኩት።
«ይሁን። ኳስ ያውቃል።»

ዛሬ እሑድ ነው። ስንሻው ዛሬም ሰማይ ሰደዳት፤
ከደንገሉ መሐል ወደቀች፣ ይብራ ዞሮ አያት።
ጋሼ ሰዓቱን አየ፣ እርሳሱን በምላሱ አራሰ፤
እኔም ጻፍኩ።
ታንኳው ገና አልደረሰ።
ረድፉ ክፍት ነው።