ፈረስ ያደርሳል

ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ጌንት ላይ ሲያካፋ፣
ወገቤን አጥፌ፣ አንገቴን ስደፋ፣
መግባት አይባልም፤ መስመጥ ነው በወግ፣
ጉልበት ወደ አገጭ፣ ዳሌ ወደ ጥግ።
ከጀርባዬ ቆሞ፣ አራት መቶ ፈረስ፣
ቁልፉን ስነካበት፣ ሰፈር ሲያተራምስ፣
ፎቅ ላይ ያለው ዮስት፣ መስኮቱን ይዘጋል፤
ውሻው ግን ያውቀኛል፣ ጭራውን ይቆላል።

ከዚያ ምን ይሆናል? ከዚያማ… ሠላሳ።
በየምሰሶው ላይ፣ በቀይ ክብ ሠላሳ።
ትምህርት ቤት ሠላሳ፣ ድልድይ ላይ ሠላሳ፤
ፈረስ አራት መቶ፣ መንገዱ አንካሳ።
ኮብልስቶኑ ደግሞ፣ ጥርሱን እያፋጨ፣
እያንዳንዱን አጥንት፣ ለየብቻ ፈጨ።
ጉብታው ሲመጣ፣ ትንፋሼን ውጬ፣
በሰያፍ አልፋለሁ፣ ባንድ ጎን ተቀምጬ።
ይኸው መጣች ደግሞ፣ ባለ ብስክሌቷ፣
ከፊት ባለው ሳጥን፣ የልጅ ልጅ፣ ድመቷ፤
ደወሏ «ቂል፣ ቂል» ሲል፣ በግራ አለፈችኝ፤
ሰባ ዓመት ይሆናታል። ዞራ ሳቀችብኝ።

ሥራዬ ቧንቧ ነው። የሚያፈስ ማሞቂያ፣
የተዘጋ ቱቦ፣ የፀጉር መሰብሰቢያ።
መፍቻዬን ከፊት፣ ከሻንጣው ከትቼ፣
ረጅሙን ቱቦ፣ በመስኮት አውጥቼ፣
ከደንበኛ ደጃፍ፣ አላቆምም ከቶ፤
ሁለት መንገድ ርቆ፣ ይቀራል ተጎልቶ።
አንዴ ተሳስቼ፣ በር ላይ ባቆመው፣
ሒሳብ ስጠይቀው፣ ሰውየው ገረመው፤
«እንዲህ ባለ መኪና፣ እየመጣህ ሳለ፣
ከፋዩ አንተ ነህ፣ ወይስ እኔ?» አለ።
አያውቅም ሰውየው፦ ስገዛው ተገጭቶ፣
ግማሽ ፊቱ ጠፍቶ፣ ጎተራ ውስጥ ገብቶ፣
ዶሮ እንቁላል ጥላ፣ ወንበሩ ላይ ነበር፤
ሦስት ክረምት ፈጀ፣ ቆሞ እስኪናገር።

የማደያዋ ልጅ፣ ልደቴን ታውቃለች፤
በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ እጄን ትጨብጣለች።

«ለእሁድ አቆየው» ይላሉ፣ «ሸፍነው፤
ኪሎሜትር ሲጨምር፣ ዋጋ ነው ሚቀንሰው።»
እሁድ ስንት ናት ግን? ሃምሳ ሁለት በዓመት፤
ግማሿን ለዝናብ፣ ሩቧን ለአማት።

አማቴ ጎደሊቭ፣ «የሰርዲን ቆርቆሮ»
ትለዋለች እሱን። ለመውጣት እሮሮ፤
እኔ እጇን ስስብ፣ ሚስቴ ስትገፋ፣
ዮስት ከፎቅ ላይ፣ ምክር እያካፋ።

ያን ማክሰኞ ግን፣ ከሆስፒታል ወጥተን፣
ዝም ብላ ገባች፣ ሳትጠይቅ እጄን።
ሐኪሙ ምን እንዳላት፣ አልጠየቅኩም እኔ፤
ወረቀቱን አጥፋ፣ አስቀመጠች ጎኔ።
ከቤት መታጠፊያው፣ ፍሬቻ ሳበራ፣
«አይደለም» አለችኝ፣ ጣቷን ወደ ግራ፣
ወደ አውራ ጎዳናው።
«አራት መቶ ናቸው፣ ስትል ሰምቻለሁ፤
አንድም አላሳየኸኝ። ዛሬ ልይ፤ እያለሁ።»

ማርሹን ወደ ታች፣ እግሬን ወደ ወለል፤
ከኋላችን መጣ፣ የጋጣ በር ሲነቀል፣
ሺህ ስድስት መቶ ኮቴ፣ አስፋልቱን ሲረግጠው፣
ወንበሩ ወገቧን፣ ከነካፖርቷ ዋጠው።
አራት ወይ አምስት ሰከንድ። ከዚያማ መቶ ሃያ፤
ሕግ ነው፤ አበቃ። የፈረሱ መቆሚያ።

በጎን አየኋት። አልሳቀች፣ አላለቀሰች፤
ቦርሳዋን በሁለት እጇ፣ እንደ ልጓም ይዛ ነበረች።
«ጥሩ ናቸው» አለች፣ መነጽሯን ጠርጋ፤
«በል እንግዲህ መልሰኝ፣ ዳቦ ቤት ሳይዘጋ።»

ፈረስ ያደርሳል እንጂ፣ አይዋጋም ይባላል፤
ዳቦ ቤት አደረሰን። ሌላውን ማን ያውቃል።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ዝናብ። ቱቦ በመስኮት።
ሠላሳ።
ከኋላዬ ደወል፦
«ቂል፣ ቂል።»
መንገዱን ለቀቅኩላት።