ቀይ ከፋይ

ባቡሩ ከቀረ፣ ሐዲዱ ዝጎበት፣
አንድ ግድግዳ ነው ሁለት ሱቅ ያለበት።
በወዲህ እኔ ነኝ፣ አጉሊ ባይኔ ነክሼ፣
ሰዓት እጠግናለሁ፣ ያባቴን ወንበር ወርሼ።
በወዲያ ጋሽ ተድባበ፣ የጥንት ዕቃ ነጋዴ፤
ሻይ ያጠጣው ብራና መቶ ዓመት ሲሞላው አይቻለሁ ባንዴ።

የታኅሣሥ ማክሰኞ፣ ጩኸት። የመስታወት ሣጥኑ ተከፍቷል፤
የጣቢያው ሹም የኪስ ሰዓት፣ የብሩ፣ ተሰርቋል።
«ቁልፉ በማን እጅ ነው?» አለ ሳጅን ቦንሳ፤
«በእኔና በዚህ ልጅ።» ጣት ወደ ገመቹ ተነሣ።

ገመቹ፣ የወንጂው፣ ሸንኮራ ቆራጭ ያሳደገው፣
አቧራ እንዲያራግፍ በመስከረም የተቀጠረው፣
«እኔ ሰዓት አላየሁም» አለ፤ አንዴ ነው ያለው።
መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈው፣
እንዳይወድቅ ብሎ ደግሞ አስተካከለው፣
ከዚያ ነው የሄደው።

ጋሪ ነጂው ሳቀ፦ «ሌባ መቼ አይቶ ያውቃል?»
ፓፓያ ሻጯም፦ «ዓይኑ ድሮም ይቅበዘበዛል።»

እኔ ያዋስኩትን ጉጠት ልቀበል ነበር የገባሁት፤
ባዶውን ቦታ ግን፣ የዓይን ልማድ ሆኖብኝ፣ ባጉሊ አየሁት።

ሣጥኑ ውስጥ ቀይ ከፋይ ተነጥፏል፤
ያዳማ ፀሐይ ደግሞ ቀይ አይምርም፣ ይመጠዋል።
አምባሩን አነሣሁ፦ ከሥሩ ደማቅ ቀለበት።
ሳንጃውን አነሣሁ፦ ቀይ ሰንበር፣ ጅራፍ የወረደበት።
ፀሐይ ያልነካው ሁሉ እንደ ተገዛበት ቀን ነበረ፤
ሰዓቱ «እስከ ትናንት ተኝቶበታል» የተባለው ብቻ
እንደ ዳርቻው ገርጥቶ፣ አመድ መስሎ ቀረ።
አንድ ሌሊት አይጠጣም ይህን ያህል ቀለም።
ልጁ እውነቱን ነው፤ እሱ ሲቀጠር ሰዓቱ የለም።

የሹሙ ባለቤት፣ እትዬ ብርቅነሽ፣ ሰኞ ለት መጥታ
«አደራዬን» ብላ ነበር፣ ለልጅ ልጇ ሠርግ ልታበረክት ጓጉታ።
«ነገ ነይ» ነው ያላት።
ለነገ ደግሞ ሌባ ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ብቆም ጎበዝ ነበርኩ። አልቆምኩም፣ ደብተሬን ገለጥኩት፤
ጣቴ የሚያውቀውን ገጽ ሳልፈልግ አገኘሁት፦
ሐምሌ አሥራ አራት። የድሬዳዋ ሰው። የብር ኪስ ሰዓት። ሞላ ቅያሬ። አራት መቶ ብር።
ክዳኑን ስከፍት፣ አባቴ በመርፌ የጫራት ፊደል ከውስጥ ትታይ ነበር።
የማን እንደሆነ አውቄያለሁ። መልሼ ገጠምኩት፣ ጠቅ አለ፤
«የጎረቤት ገበያ ነው» አልኩ፤ ሆዴም «ምን አገባሽ» አለ።

በማግስቱ ሳጅን ቦንሳ «ከፋዩን አምጡልኝ!» ሲል
እኔን የጠራ መስሎኝ ብድግ አልኩ፣ ጉልበቴ ሲከዳኝ፣ ሲዝል።
ጨርቁን ኖሯል።

ጠቀለሉት፣ ከደብተሬ ጋር። ጋሽ ተድባበም «ኪራይ ጠንቶብኝ» አለ፣ ገና ሳይጠየቅ።
አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላሉ፤ ድሬዳዋም ሩቅ።

ገመቹ ስድስት ሌሊት አድሮ ወጣ። ቀጥታ ወደ እኔ መጣ።
ምስጋናውን ፈርቼ፣ የማደርገው ባጣ፣
የሰው ሰዓት አንሥቼ መሙላት ጀመርኩ።
ቆመ። ደብተሩ የነበረበትን ባዶ ቦታ አየ፤
በዙሪያው አቧራ፣ መሐሉ ንጹሕ፣ አራት ማዕዘን።
«ሐምሌ ላይ ታውቂ ነበር?»

ሰዓቱ ከሞላ ቆይቷል።
ጣቴ አሁንም ይጠመዝዛል።