የመሰላል ላይ ንብ

አምስት ቀን ነው ዕድሜው የፒር አበባ፣
ዝናብ ካልቀደመው፣ ውርጭ ካልገባ።
የዓመት ጎተራችን በአምስት ቀን ሲወሰን፣
መሰላሌን ይዤ እወጣለሁ፣ እኔ ሱዠን፣
በስድሳ ሰባት ዓመቴ፣ በሲቿን ተራራ፣ ንብ ልሆን።

ከቀርከሃ ዘንግ ጫፍ የዶሮ ላባ አስሬ፣
በአንገቴ ጠርሙስ አንጠልጥዬ፣ ቢጫ ዱቄት ቋጥሬ፣
አበባን ለአበባ ስድር እውላለሁ፤
ሽማግሌውም እኔ፣ ሚዜውም እኔ፤ ሲመሽ ወገቤን ይዤ እወርዳለሁ።
ንብ እንዲህ አልነበረችም። ወገቧን አያማትም፣
የቀን አበል አትቆጥርም፣ ምሳ አምጡልኝ አትልም።

ደሹን ነው፣ ባሌ፣ አፈር ይቅለለውና፣
"ገበያ የሚወደውን ብቻ እንትከል" አለና፣
ባቄላውን ነቀልን፣ ጎመን ዘሩን ገለበጥን፣
የዳሩን ቁጥቋጦ እስከ ሥሩ መነጠርን፣
በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ መርዝ ረጨን።
ተባዩ አለቀ። ደስ አለን።
ከተባዩ ጋር ማን ማን እንደሞተ አልጠየቅን።

ቀፎ ጭነው የሚዞሩ ንብ አርቢዎች፣ ዛሬ
በእኛ መንደር ሲያልፉ አይቆሙም ለወሬ።
ሰሙ ከደጃችን ጠፋ፤ ወርቁ በጣታችን ቀረ፤
ሰም የሌለው ወርቅ ይዞ ቅኔ ማን ዘረፈ? ማንስ ከበረ?

የጠርሙሴን ዱቄት ምንጭ ግን ልንገራችሁ።
አንድ ዓይነት ፒር ሁሉ ዘመድ ነው፤ ሰባት ቤት ቢቆጠር አይጋባም፤
ገበያ የወደደው፣ ያለ ባዳ፣ ፍሬ አያፈራም።
ባዳው ከገደሉ አፋፍ ነው፤ ጎባጣ፣ ፍሬው ኮምጣጣ፣
ማንም ያልተከለው፣ ለሽያጭ ያልወጣ።
ደሹን ሊቆርጠው መጥረቢያ ስሎ ነበር፤ ወገቡ ከለከለው፤
እኛን ያኖረን እንግዲህ የወገብ ሕመም ነው።
አምና ከእሱ ሥር፣ ከአረሙ መሀል፣ አንዲት ንብ አየሁ።
አንዲት። ቆሜ ቀረሁ።

ዘንድሮ የታችኛውን እርከን መርዝ ነፈግሁት፤
ባቄላና ጎመን ዘር በፒሮቹ መሀል ዘራሁበት።
ኩዋንግ ጎረቤቴ ባጥር ብቅ ብሎ፣
"ሱዠን፣ ማሳሽ ተዝረከረከ" አለኝ፣ ሳቁን አስከትሎ።
ይዝረክረክ አልሁት።

ዛሬ አራተኛው ቀን ነው፤ ክንዴ ዝሏል፣ ሰማዩ ከብዷል።
ከመጨረሻው ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ ቀርቷል።
ላባዬን ዘረጋሁ፤ መልሼ አጠፍሁት፤
ያን ቅርንጫፍ ሳልነካ ወረድሁ፤ ለባለሙያዋ ተውሁት፣
ብትመጣ።